ራሱ የሚያበራ፣ ራሱ የሚያጠፋ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
አጋሮ

አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? በዚህ ብርድ ባሰብሽ ወይስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? ከውሰር ይህን ስታነብልሽ «የዘለልሽው የለም?» እያልሽ እንደምታስቸግሪያት ይታየኛል። ከውሰር እህቴ፣ ምንም ሳታስቀሪ፣ የሚከብድሽንም ቦታ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ውስጤ ግን ደህና አይደለም። ስልክ ስንደዋወል ቤቱ ሙሉ ሰው ስለሚሆን «ደህና ነኝ» ብቻ እያልኩ ዘጋሁብሽ።

ቴፒ አሁን የቡና ለቀማ ነው። ከሸኮ በኩል ቀይ ቡና በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። አጎቴ አባቢያ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የፓምፕ ማስነሻ እንደሚጠግን ታውቂያለሽ፤ ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያቆመው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ማለቴ ነው። አምና ጠግነን የላክነው አንዱ ማስነሻ ሥራ መሃል ተጣብቆ ቀረ። ውሃው ቆመ፤ የተፈለፈለው ቡና እዚያው ገንዳ ውስጥ ሸተተ። ባለቤቱ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸብን። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ማንኛውም ማስነሻ ቀኑን ሙሉ እየበራና እየጠፋ ሳይፈተን ከሱቅ አይወጣም ብሎ ማለ። የሚያበራውና የሚያጠፋው ጣት ግን የእኔ ነበር።

ከቁርስ በኋላ እቀመጣለሁ። ማብራት፣ ትንሽ መጠበቅ፣ ማጥፋት፣ እንደገና ማብራት። ለሶላት ካልሆነ ከወንበሩ አልነሳም። አውራ ጣቴ አብጦ የልብሴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። በሱቁ በር የሚታየኝ የመንገዱ ቁራጭ ብቻ ነው፤ የሚኒባሱ ረዳት «ሚዛን! ሚዛን!» ሲል እኔን የሚጠራኝ ይመስለኛል። ሚዛን ያለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩበት ኮሌጅ ለቀጣዩ ደረጃ ተማሪ መመዝገብ ጀምሯል። መምህሬ ይሄይስ ደውሎ «ቦታሽ አለ፣ ነዪ» ብሎኝ ነበር። አጎቴን ስጠይቀው «አንቺ ከሄድሽ ማን ይፈትናል?» አለኝ። እንግዲያው የሚፈትን ነገር ልሥራ አልኩ በልቤ።

ሱቁ ውስጥ ባለቤቱ ያልመጣለት የሞተ ራዲዮና ስታብላይዘር ሞልቷል። የሚያስፈልገኝን ካፓሲተርና በኤሌክትሪክ ራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ፣ ሪሌ የሚሉትን፣ ከዚያ ነቀልኩ። ስምንት እግር ያላት፣ ሌሎቹን የምታዝ አንዲት ትንሽ አይሲ ግን አጣሁ፤ መምህር ይሄይስ በወረቀት ጠቅልሎ በሚኒባስ ላከልኝ። አሠራሩ ቀላል ነው እናቴ። ካፓሲተሩን እንደ ባልዲ አስቢው። ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ሲሞላ አይሲዋ ታፈሰዋለች፤ ሲጎድል እንደገና ታስሞላዋለች። በሞላና በጎደለ ቁጥር ሪሌው ቀጭ እያለ ማስነሻውን ያበራል፣ ያጠፋል። ሰው ሳይነካው ይደጋግማል። መጀመሪያ ስሞክረው ጥቂት ሠርቶ ዝም አለ። ሪሌው ሲለቅ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያግድ ዳዮድ ስላላደረግኩበት አይሲዋ ተቃጥላለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። መምህሬ ሌላ ላከልኝ፤ ዳዮዱን ጨመርኩ፤ ሠራ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳየው ዋልኩ።

አጎቴ ደስታው ልክ አልነበረውም። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ገሠሠን ጠርቶ «የእህቴ ልጅ የሠራችው ነው!» እያለ አሳየው። ልቡ ለስልሷል ብዬ «እንግዲህ ሚዛን ልሂድ?» አልኩት። ሳቁን ሳያቋርጥ «ይሄ ቢበላሽ ማን ያውቅበታል? አንቺ ብቻ!» አለኝ። ወዲያው ከሸኮም ከሚዛንም ተጨማሪ ማስነሻ ተቀበለ። ጣቴ ድኗል፤ እኔ ግን የሠራሁትን ነገር እየጠበቅኩ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ቀጭ፣ ቀጭ። ተኝቼም ይሰማኛል።

የአጎቴ ሚስት ዘይቱ ስታየኝ ሰንብታ አንድ ቀን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «በይ እኔንም አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። ማስነሻ ሲጣበቅ ካያያዝኩባቸው ትንንሽ መብራቶች የትኛው እንደማይጠፋ፣ አይሲዋ ስትቃጠል እንዴት እንደምትቀየር፣ ሁሉንም ያዘችው። ምሳ ላይ አጎቴን «ከእንግዲህ የምፈትነው እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ልቀቃት» አለችው። ያኔ የልቡ ወጣ። እጁን ከሳህኑ አንስቶ «ፊት ስትማር አደራው የእኔ አልነበረም፤ አሁን እናቷ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ሚዛን ብቻዋን ሆና አንድ ነገር ብትሆን እህቴን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?» አለ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ እናቴ፣ ነገሩ ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው። ወደ አጋሮ ተመለሺ እንዳትዪኝ። ናፍቀሽኛል፣ ግን እዚያም ብመጣ መቀመጥ ነው። ለወንድምሽ ደውለሽ «አደራዬን ተቀብያለሁ፤ ዐፊፋ ትማር» በይው። ከአንቺ አፍ ካልሰማ አይለቀኝም። እኔም ሳይመርቀኝ ተሰርቄ አልወጣም፤ እንደ ልጁ ነው ያኖረኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለ አጎቴ ገብቶ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ልደብቀው ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ሰጠሁት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ይቀደዋል ብዬ ስጠብቅ አጥፎ መለሰልኝ፤ ለአንቺ የሚለውንም ነግሮኝ ወጣ። ደብዳቤውን ነገ ወደ ጂማ ለሚሄደው ለአይሱዙ ሾፌሩ ለኢክሪማ የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው።

ከውሰርን፣ ትንሹን ሻሚልን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ማናልሞሽ፣ የልጇን መውለድ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ። ዘይቱ ጉልበትሽን ትስማለች። ወንድምሽ አባቢያ ደግሞ እንዲህ ብሎሻል፦ «ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።»

ልጅሽ ዐፊፋ
ቴፒ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.