ሻካራውና ለስላሳው

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 1978

ጠዋት የዳቦ ሰልፍ። እስከ ልደታ ማርያም አጥር ድረስ ተሰልፈን ቆየንና አለቀ ተባልን። ባዶ ሆዴን ክፍል ገባሁ።

11ኛ ሐ። የሴል ቻርቴን ሰቀልኩ። በገዛ እጄ የሣልኩት፣ ስምንት ዓመት ያስተማርኩበት። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ደረስኩ። ከኑክለሱ ሽፋን ጋር ተያይዞ ሴሉ ውስጥ የሚጠማዘዝ የቱቦና የከረጢት መረብ ነው፣ የሰንጋ ተራን ጉራንጉር አስቡ አልኳቸው። ሳቁ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ሻካራው ስብ ይሠራል፣ ለስላሳው ፕሮቲን ይሠራል አልኩ። ቻርቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ደጉ እጁን አወጣ። የጎረቤቴ የትርፌ ልጅ፣ ተክለ ሃይማኖት በርበሬ የምትቸረችረዋ። አምና ወድቆ ክፍል የሚደግም።

«ቲቸር፣ ተገላብጧል። ሪቦዞም የሚባለው ፍሬ የተለጠፈበት ሻካራው ነው። ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ቤተ መጻሕፍት አነበብኩ።»

ሃምሳ አራት ተማሪ ዞሮ አየኝ። ቁጭ በል አልኩት። ድንቄም! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

የካቲት 11

መጽሐፉን ገለጥኩ። ልጁ ልክ ነው።

ስምንት ዓመት… ስሥለው ገልብጬ ጽፌዋለሁ ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ ራሱ አይቶ አመስግኖኝ ነበር። እና አሁን ምን ላድርግ? ገብቼ «ልጆች፣ ደጉ ልክ ነው» ልበል? እኔ? አልልም።

መጋቢት 3

ቅጽል ስም ወጣልኝ። «ሻካራው» ይሉኛል። ያወጣው ደጉ አይደለም ይላሉ… ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ዛሬ ኮሪደር ላይ አንገቱን ሰብሮ ሰላም አለኝ። ትሕትናው ባሰብኝ።

ሰኔ 14

ፈተና እያረምኩ ነው። ስለ ሻካራውና ለስላሳው አንድ ጥያቄ ሆን ብዬ አውጥቻለሁ። ስምንት ነጥብ። የደጉን ወረቀት ከሁሉ በፊት ፈልጌ ሳብኩት።

ሻካራው ፕሮቲን ይሠራል፣ ለማሸግ ወደ ጎልጂ ይልካል። ለስላሳው ስብ ይሠራል፣ ጉበት ውስጥ ደግሞ መርዝ ያከሽፋል። እንዲህ ብሎ ጽፏል። አንዲት ስህተት የለበትም። የእጅ ጽሑፉም ያምራል፣ የተረገመ።

ዜሮ። ሲደመር አርባ አራት መጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሒሳብ ቀድሞ ጥሎታል፣ ሁለት ትምህርት የወደቀ ደግሞ አያልፍም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የወደቀ ይሰናበታል። ደንቡን እኔ አላወጣሁም።

ደስ አለኝ። ለራሴ ደብተር ምን እዋሻለሁ? ደስ አለኝ።

ሐምሌ 20

ደጉን ወሰዱት። ብሔራዊ ውትድርና። ተማሪ ቢሆን ኖሮ አይነኩትም ነበር። ትርፌ ባዶ እግሯን እስከ ቀበሌ ተከተለቻቸው። በመስኮት አየሁ፣ ሻዬንም ጨረስኩ።

ከሰዓት እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ቃልዎ ይሰማል። ይናገሩልኝ።»

እናገራለሁ አልኳት። የትም አልሄድኩም።

ሐምሌ 24

ስለደከምኩላት ብላ ቅቤ አመጣች። ሚስቴ ወርቄ ወጡ ሲቀርብ እጇን ሰበሰበች። «እኔ ደረቁን ይሻለኛል» አለች። ማን ምን ነገራት? ምናልባት ይህን ደብተር… አይ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

እኔ በላሁ። የጉራጌ ቅቤ፣ ጥሩ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1979

ትርፌ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ከደጉ። እሷ ማንበብ አትችልም። ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ከጀመረች ሦስተኛ ዙሯ ነው፣ ገና ከፊደል ገበታው አልወጣችም። «የቀበሌ ሰው የልጄን ጉዳይ እንዲያውቅ አልፈልግም» አለች። እኔን ታምናለች።

አነበብኩላት። ደህና ነኝ፣ ብርዱ ይከብዳል፣ ሥልጠናው ሊያልቅ ነው፣ አታልቅሺ… መሐል ላይ እንዲህ የሚል አለ፤

«ቲቸር ወልደአማኑኤል ወረቀቴን ደግመው እንዲያዩልኝ ለምኝልኝ። ሻካራው ፕሮቲን ይሠራል ያልኩት ልክ ነው። ማለፌን የሚገልጽ ማስረጃ ከመጣልኝ ወደ ትምህርቴ ይመልሱኛል። ማስረጃውን የሚቀበሉት ግን እስከ ጥቅምት ሠላሳ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ግንባር እንሄዳለን።»

ዘለልኩት። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

«በቃ?» አለች።

«በቃ።»

ደግመው ያንብቡልኝ አለች። ደገምኩላት፣ በዚያው ላይ ዘልዬ። ሦስተኛም አስነበበችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ሳመችው፣ እኔን ደግሞ መረቀችኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ አለች።

ጥቅምት 12

የፈተና ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አውጥቼ አየሁት። በአንድ ቀይ እስክሪብቶ የሚያልቅ ጉዳይ። ግን ምን ብዬ ላርመው? ዳይሬክተሩ «ያኔስ ለምን ዜሮ ሰጠኸው?» ቢለኝ?

ገና አሥራ ስምንት ቀን አለ።

ጥቅምት 30

አዲስ ቻርት ሣልኩ። ሻካራው ፕሮቲን፣ ለስላሳው ስብ። ክፍል ወስጄ ሰቀልኩት። ልጆቹ ጻፉ።

ታኅሣሥ 8

ትርፌ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«ጋሼ፣ ፊደል ለየሁ» አለች። እንዴት ብላት፣ «ያነበቡልኝን በቃሌ ይዤው የለ? ከወረቀቱ ጋር እያመሳሰልኩ ነዋ። ማታ ማታ። መሐል ላይ ስደርስ ቃሌም ወረቀቱም አልገጥም አሉኝ።»

ደብዳቤውን ከጉያዋ አወጣች። መታጠፊያው አልቋል። ጣቷን አሳረፈች። «ወ… ረ… ቀ… ቴን…» እንደ በርበሬ እየለቀመች ሄደች። እጄን ዘርግቼ ልቀማት አሰብኩ። አልቻልኩም። «ይመ… ል… ሱ… ኛል» ላይ ደርሳ ቆመች። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ይቺን ዘለዋታል» አለች።

«ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»

«ሻካራው ምንድን ነው? ልጄ በእሱ ነው የሄደው?»

ነገርኳት። ሰውነታችን ከጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የታጠፈ ስስ ሽፋን አለ፣ ሻካራ የሚያስመስሉት ላዩ ላይ የተበተኑ ፍሬዎች ናቸው፣ ሥጋ የሚሆነን ነገር የሚሠራው እዚያ ነው። ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። እንደሷ ያዳመጠኝ ተማሪ የለም።

«ታዲያ ልጄ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

አፌን ሞልቼ ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«ይጻፉ» አለች። «ማለፉን ይጻፉ። እኔ አጠገብዎ ቆሜ አነባለሁ።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ ፈተሸች፣ ስሙ ላይ ሁለቴ ተመለሰች። ወርቄ በር ላይ ቆማ ታያለች። ትርፌ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ማሠልጠኛው ይዤው እሄዳለሁ አለች። እግዜር ይስጥልኝ ብላኝም ወጣች… ለእኔ።

ጥቅምት ሠላሳ የሚለው ቀን የተጻፈው ካቆመችበት ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ነው። ገና አልደረሰችበትም።