ቅዳሴ የምታውቀው ልጄ

ውድ ቲቸር የትነበርሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እንኳየሁ ነኝ፤ የወንጌላዊት እናት። አዎ፣ ያቺው ግቢያችሁን በጩኸት ያናጋሁት። ወረቀቱን አትጣይው፣ ልሰድብሽ አይደለም። ትንሽ ግን እወቅስሻለሁ፤ እሱ አይቀርም።

ምነው በካርድ መስጫው ቀን፣ የፀዳ ከተማ እናት ሁሉ ተሰልፎ ባለበት? «እንኳየሁ፣ ልጅቱ ስትጠራ አትዞርም፣ ከልጆች አትጫወትም፤ ሐኪም ቢያያት» አልሽ። ጎረቤቴ ውቢት ከኋላዬ «ውይ በሞትኩት!» ስትል ሰማሁ። በምን አንጀቴ ልስማሽ?

«ሌላው ኤቢሲዲ ሲያምታታ የኔ ልጅ ቅዳሴውን ሕዝቡ የሚመልሰው ተሰጥኦ ሳይቀር በቃሏ ትወጣዋለች! የመሪጌታ ልጅ ናት! ምቀኛ!» አልኩሽ። ቦርሳዋን መንጭቄ ወጣሁ። ይኸው አራት ወር ቤት አስቀመጥኳት።

እውነቱን ልንገርሽ? እኔም አይቼ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲጠማት እጄን ጎትታ ጆጉ ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ አንድ ቀን «እማ፣ ውኃ» ብላኝ አታውቅም። ደብቄ የያዝኩትን አፍ አውጥተሽ ስለተናገርሽው ነው የጠላሁሽ።

ባለፈው ሳምንት ጓሮ ልብስ ሳጥብ ከኋላዬ ቅዳሴውን ጀመረች። «እሰይ የኔ ሸጋ፣ በይው!» እላለሁ፣ ዞር ሳልል። አላቆመችም። ድምጿ ከፍ፣ አሁንም ከፍ አለ። ብዞር የተሰበረ ጠርሙስ ረግጣ እግሯ በደም ርሷል። እንባዋ እየወረደ ታዜማለች። ለካ ልጄ አሟት እየጮኸች ነው። እኔ ደግሞ እመርቃታለሁ።

እግሯ ተሰፍቶ እየዳነ ነው። አባቷ ሐብተ ማርያም ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ማታ «ምነው፣ በኔ ዜማ ታለቅስ ኖሯል?» አለኝ። ቀጥሎ «ጠበሉም ሐኪሙም የእግዜር ነው። አስተማሪዋን ፈልጊያት» አለ።

ሰኞ ልጆቹ ሲወጡ እመጣለሁ። በሩን ዘግተን፣ ሁለታችን ብቻ እንቀመጥና ያየሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ሐኪሙ ዘንድም አብረሽኝ ሂጂ፤ ብቻዬን ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። ምላሴን እይዛለሁ። ካመለጠኝና ከጮህኩ ግን፣ በልጄ ሞት፣ ተነስተሽ አትሂጂብኝ። የጮኸ ሁሉ ተቆጥቶ አይደለም፤ አንዳንዱ አሞት ነው የሚጮኸው።

እንኳየሁ፣ የወንጌላዊት እናት
ከፀዳ