ደረትህን ያስተካከልኩበት ጠዋት

ውድ አባዬ፣

ደህና ቤትህ ገብተህ፣ ወንበርህ ላይ ጋደም ብለህ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። ስልክ ላይ ከ"በላህ? ተኛህ?" አላልፍም፤ በሆዴ የቀረውን በወረቀት ልንገርህ ብዬ ነው።

ያን ጠዋት በሕልሜ ይሁን በእውኔ እየተምታታብኝ አሁንም አየዋለሁ። ነጩ መጋረጃ በነፋስ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። አንተ፣ ልብህ ሊጠገን፣ እኔ በነርስነት የምሠራበት ሆስፒታል አልጋ ጫፍ ላይ ሸሚዝህን አውልቀህ ተቀምጠሃል። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ፀጉርና ጢም ስታስተካክል ኖረሃልና ምላጭህን በመሃረብ ጠቅልለህ ይዘህ መጥተሃል።

"ሌላ ሰው እንዳይነካኝ፤ ደረቴን ራሴ ሙልጭ አደርገዋለሁ" አልከኝ።

"ምላጭ አይሆንም አባዬ።"

"የኔ እጅ ሰው አድምቶ ያውቃል?"

አያውቅም። ግን ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ያልፋል፤ ጀርሞች እዚያ ገብተው ይራባሉ፤ የቀዶ ጥገናው ቁስል ያመረቅዛል። በክፍላችን በምላጭ የተላጩትን፣ ፀጉራቸው በክሬም የተነሳላቸውን፣ በቶንዶስ የተከረከሙትን፣ ጨርሶ ያልተነኩትንም ስናወዳድር ከርመን ነበር። ቁስላቸው አመርቅዞ ከሚመለሱት የሚበዙት በምላጭ የተላጩት ነበሩ። ይህን ስነግርህ ቅር እያለህ አዳመጥከኝ።

"እንግዲያው ተዪው፣ እንዳለ ይሁን።"

"ቢቻልማ የሚመረጠው እሱ ነበር። ያንተ ደረት ግን ጫካ ነው፤ ሐኪሙ መንገድ ይጠፋበታል።"

ሳቅክ። ክሬሙን ክንድህ ላይ ሞከርንልህ፤ ቆዳህ ቲማቲም መሰለ። በመጨረሻ ምላጭህን መልሰህ ጠቀለልክና እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ።

ቶንዶሱን ስከፍተው እንደ ንብ ያዜም ጀመር። የሰጡህ መድኃኒት ዓይንህን እየከደነው ነበር። ሽበትህ ቀስ እያለ አንሶላው ላይ ረገፈ፤ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የሕፃን ገላ ነበር። ልብህ ከመዳፌ ሥር ትመታለች። ልጅ ሳለሁ ሱቅህ ውስጥ ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ ስታሽከረክረኝ፣ ፊት ለፊት የተሰቀሉት መስታወቶች ማለቂያ የሌላቸው አባቶች ይሠሩልኝ ነበር። ያን ጠዋት ግን አንድ ብቻ ነበርክ።

"ሳትቸኩዪ ልጄ… ቆዳውን ወጠር አድርጊው" አልከኝ ምላስህ እየተሳሰረ።

ፈርቼ ነበር አባዬ። ስለ ጀርም ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ስለ ሞት እንዳናወራ ነው። ሲወስዱህ "አይዞህ" እንኳ ማለት አቃተኝ።

ከቀዶ ጥገናው ከነቃህ በኋላም ዝምታህ አስጨነቀኝ። ትበላለህ፣ ትተኛለህ፤ ዓይንህ ግን ሩቅ ነው። ፋሻው የተነሳ ዕለት ሐኪሙ ቁስሉን ጎንበስ ብሎ አየና "ንጹሕ ነው፤ መግል የሚባል የለውም" አለ። እኔ እልል ልል ስል አንተ መስታወት አምጡልኝ አልክ። ደረትህን ግራ ቀኝ እያዘነበልክ መረመርክና ፊትህን አጨማደድክ።

"በግራ በኩል አዛንፈሽዋል።"

ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አለቀስኩ። መትረፍህን ያመንኩት ያኔ ነው።

አሁን ፀጉሩ ሲበቅል ያሳክክሃል፤ አደራ እንዳትፎክተው። ለበዓል ሳይሆን እንዲሁ፣ ስትናፍቀኝ እመጣለሁ።

አዛናፊዋ ልጅህ