ሄልሚ የሚለው ስም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቶሮንቶ

አራሷ ልጄ ማርታ ሕፃኗን «ሄልሚ» ስትላት፣ ፊንላንዳዊው ባሏ የመረጠው ስም መስሎኝ ነበር። ዛሬ ላይብረሪ ሄጄ ከስሞች መጽሐፍ ላይ ፈለግኩት። የፊንላንድኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሉል።

ሉሊት ሳላገባ የወለድኳት ልጄ ናት። እናቴ አሳደገችልኝ። ባሌ እንዳያውቅብኝ ፈርቼ የካናዳው የኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ «እህቴ» ብዬ ሞላሁ፤ እህት ይዞ መምጣት ስለማይፈቀድ በዚያው አዲስ አበባ ቀረች። እሱም ሳያውቅ ሞተ።

ማርታ ጋ ደወልኩ።

«ስሙን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኛ! የእህቴ ስም ነው።»

«የምን እህት?»

«ተይ እንጂ እማዬ! ሉሊት ራሷ ነግራኛለች። እናቴ ብላ ልትጠራሽ፣ እሺ እስክትያት ነው የምትጠብቀው።»



«እማዬ፣ አለሽ?»

«መልሼ እደውልልሻለሁ» ብያት ወደ ሉሊት ደወልኩ።