የታሰረ አንደበት ሲያዳምጡ የኖሩት መምህር

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤቱን ሬዲዮ እየፈቱ ሲገጥሙ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ስለሚተርፋቸው፣ እኛ ታናናሾቻቸው «ጋሼ ብሎን» እንላቸው ነበር። ስሙ እስከ ፕሮፌሰርነታቸው አልለቀቃቸውም።

ሒሳብ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው በ1984 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በ1990 ዓ.ም. እናታችንን ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተሳሰረ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚሉትን ሳንረዳ ቀበርናቸው። ይህ ከወንድማችን ሆድ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ምርምራቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ እንዲህ የተሰባበረ ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ኮምፒውተር መሥራት።

በትምህርት ክፍሉ በር ላይ የምርምር ዘርፎች ዝርዝር ይለጠፋል፤ ተማሪዎችም በመረጡት ሥር ይፈርማሉ። ለኔትወርክና ለመረጃ ደኅንነት ወረቀቱ አይበቃም ነበር። በእሳቸው ዘርፍ ሥር ዘጠኝ ዓመት ማንም አልፈረመም። ባልደረቦቻቸው «የሐኪም ቤቱ ዘርፍ» እያሉ ሲያሾፉ አብረው ይስቁ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን አይስቁም።

የሰማንያ ስድስት ሕሙማንን ድምፅ አልጋቸው ዳር ተቀምጠው ቀድተው በቢሮ ኮምፒውተራቸው አኖሩ። «ድምፃችሁ ከቢሮዬ አይወጣም» ብለው ቃል ስለገቡላቸው ሌላ ቅጂ አላስቀሩም። ብንለምናቸውም ቃል ቃል ነው አሉን። መስከረም 2015 ዓ.ም. ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ዘርፉ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ኮምፒውተራቸውም በውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ለአዲስ መምህር ተሰጠ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ያው በሽታ እሳቸውንም ጣላቸው። አራት ወር ሙሉ አንዲት ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር። ባለቤታቸው ውኃ አቀረቡ፣ ልጃቸው መስኮቱን ዘጋች፣ ይህን የጻፈችው እህታቸው ትራሱን አስተካከለች። በደህናው እጃቸው «አይደለም» ይሉናል። በመጨረሻው ሳምንት ግን ላቀረብንላቸው ሁሉ ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቁ ጀመር። ተስፋ ቆርጠውብን ነው፤ እንዳናፍርም ብለው።

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኛን ሦስት እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያቺ ነገር ምን እንደነበረች ዛሬም አናውቅም።

ፈጣሪ ድገሙልኝ ሳይል ይስማቸው፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።