የሐሊማ ክፍል

እሑድ፣ መስከረም 14፣ 1971
ትናንት ከጉለሌ ቦሌ ገባን። አባባ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ያገኘው ቪላ ነው። ጉለሌ ሦስታችንም አንድ ክፍል ነበርን። አሁን የራሴ ክፍል አለኝ... ለብቻዬ። አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ሐሙስ፣ መስከረም 18
ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሰዎች አሉ። የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅና እናቷ። ልጅቷ ውሃ ስትቀዳ ሰላም አልኳት። ባልዲዋን አንስታ ገባች። እማማን ጠየቅኳት። የቤቱ ባለቤቶች ነበሩ አለችኝ። አባትየው ነጋዴ ነበር፣ አምና ጅቡቲ ሸሸ፣ ቤቱ ተወረሰ፣ ሰርቪሱ ብቻ ተተወላቸው። እንዳልቀርባት አስጠነቀቀችኝ። አባትሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነው አለች።

ሰኞ፣ መስከረም 29
ሐሊማ ትባላለች። ስድስተኛ «ለ» አብረን ነን። ስንመለስ ሁልጊዜ ቀድማኝ ትሄዳለች። ዛሬ ሮጬ ደረስኩባት። ያንቺ ክፍል የቱ ነበር አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ።
«አንቺ የምትተኚበት» አለች። ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መስከረም 30
ማታ አባባንና እማማን እናንተ ጋ ልተኛ አልኳቸው። እማማ ተቆጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11
ለሐሊማ እናት ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። በሁለት ሳምንት ሰርቪሱን ልቀቁ ተብለዋል። አጎቴ ገብረዋሕድ ከመቀሌ ሊመጣ ነው። ሰርቪሱን የጠየቀለት አባባ ነው! ምሳ ላይ ለእማማ ሲነግራት ሰማሁ። እነሱስ የት ይሄዳሉ አልኩት።
«ቤቱ የመንግሥት ነው። እኛ ካልወሰድነው ሌላ ይወስደዋል።»
አጎቴ እኔ ክፍል ይግባ፣ እኔ ሳሎን እተኛለሁ አልኩ። ዝም ብለሽ ብዪ አለኝ። እማማ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16
ለሐሊማ ነገርኳት። የጠየቀው አባቴ ነው አልኳት። «እናቴ ታውቃለች» አለች።
እናቷ ያውቃሉ? ትናንት በር ላይ ሲያገኙኝ ትምህርት እንዴት ነው ብለውኛል... ፈገግ ብለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25
ሄዱ። ድሬዳዋ፣ አክስቷ ጋ። ሁለት ሻንጣና አንድ የዕቃ ካርቶን፣ ሁሉም ታክሲዋ ውስጥ ገባ። እማማ መጋረጃውን ዘጋች። እኔ ወጣሁ። ሐሊማ የታክሲዋን በር ይዛ ቆመች።
«መስኮትሽ በክረምት ውሃ ያስገባል። ጨርቅ አድርጊበት» አለችኝ።
መስኮትሽ አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20
አጎቴ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። እማማ ጓሮ ጎመን ተክላለች። እኔም ደህና እተኛለሁ። ዛሬ ከትምህርት ስንወጣ የክፍላችን ልጅ ፍረወይኒ ገመድ እንዝለል አለችኝ። ደክሞኛል፣ ቤቴ ልሂድ አልኳት። «ቤቴ» ማለቴ የገባኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው። ቆምኩ። አስፋልቱ ዳር... ብዙ ቆምኩ መሰለኝ። ከዚያ ሄድኩ። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ?