ልጆቻችን የቤታቸውን ስለሚያወሩበት የሰኞ ሰዓት

ይድረስ በኮልፌ ለሰፈራችን የሕዝብ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ለተከበሩ ጓድ ደመቀ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ድምፅዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና ይሁን፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእርሱ ላይ የተጣለ ነውና ለአንድ ቀን እንኳ ሕመም አይንካው። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ባንሆንም ከእኛ ቀድመው እንደሚሰሙ ስለምናውቅ አንሰጋም።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርሁት በራስዎ ግብዣ ነው። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ሂሳችሁን ሳትፈሩ በጽሑፍ አምጡ፣ በሰሌዳ ጋዜጣችን ላይ እንለጥፈዋለን ብለው ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ብዕር ያነሳ ግን እስካሁን አልሰማሁም። እኔ ባለፈው ሐምሌ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የመምህርነት ምደባዬን የምጠባበቅ፣ ለጭብጨባ የተባለውንና ለሥራ የተባለውን ገና መለየት ያልቻልሁ ሰው ስለሆንሁ ግብዣውን የምር አድርጌ ወሰድሁት። የምኖረው ከእህቴ ከእሙ ጋር ነው። ልጇ ብርቱካን በትምህርት ቤትዎ ሦስተኛ ክፍል ትማራለች፤ ነገሬም ስለ እርሷ ነው።

አንደኛ፦ ሰኞ ማለዳ ለሚሰጠው «የንግግር ልምምድ» ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ሕፃናትን ተራ በተራ አስነስቶ ቅዳሜና እሑድ ቤታችሁ ማን መጣ፣ ምን ተባለ፣ ሬዲዮው የት ጣቢያ ላይ ነበር ብሎ መጠየቅ የአማርኛ ትምህርት ክፍል መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። ጥሩ ያወራ ልጅ ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን ይደረግለታል። በዚያ ሰዓት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚያዳምጡት የቀበሌው ካድሬም ሰዋስው ሊማሩ እንደሚመጡ አልጠራጠርም። በጎልማሳነቱ ለትምህርት የሚተጋ ሰው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፦ የዘዴው ውጤት ፈጣን ነው። የጎረቤታችን የእትዬ አልማዜ የልጅ ልጅ፣ ቤቱ ከሽሮና ከቁጣ በቀር ዜና የማይገኝበት ልጅ፣ ሪባኑ ቢያስጎመጀው አያቴ ጓሮ ጠመንጃ ቀብራለች ብሎ ተናገረ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው የጎመን መደቧን ከዳር እስከ ዳር ገለበጡት። ከአሮጌ ድስት ክዳን በቀር የወጣ ነገር የለም። ልጁ ግን ለንቃቱ ሪባኑን አላጣም። እትዬ አልማዜ «ምነው ክረምት ሳይገባ ቢመለሱ፤ የቀረውን መሬት ቢቆፍሩልኝ ድንች እተክልበት ነበር» ብላ አደራ ስላለችኝ፣ ይኸው ምስጋናዋን አድርሻለሁ።

ሦስተኛ፦ ወደ ቤታችን ልግባ። የብርቱካን አባት ገመቹ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከተማሪዎችዎ የብዙዎቹን ዩኒፎርም የሰፋው እርሱ ነው። ጴንጤ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል፣ እንዳላወቀም ያልፈዋል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ጥቂት ሰዎች እኛ ዘንድ ተሰብስበው መስኮት ዘግተው ይጸልዩ ነበር። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ቀበሌው ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ስለሚያውቀው ነው። ብርቱካን አንድ ሰኞ ተራዋ ደርሶ የምታወራው ቢጠፋት ያየችውን ተናገረች፦ «አባባ ከጓደኞቹ ጋር ዓይኑን ጨፍኖ ከማይታይ ሰውዬ ጋር ያወራል። ሰውዬው ሁሉንም ነገር ይሰማል።»

ከእናንተ በቀር ሁሉን የሚሰማ ሌላ መኖሩ የቀበሌውን ሰዎች ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፤ መገናኛ ሬዲዮ ፍለጋ በዚያው ቀን መጡ። ኮርኒሱን ቀደዱ፣ የስፌት መኪናውን ፈተው ወሰዱ፣ ገመቹንም አስከትለው ሄዱ። ሰውየው በወሩ ተመለሰ። ሲመለስ ጫማ ማጥለቅ አይችልም ነበር። እግርህን ምን ሆነህ ብሎ የጠየቀው ከቤተሰቡ አንድም የለም፤ መልሱ ሰኞ እንዳይወራ ፈርተን ነው።

አራተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፣ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ገመቹ መኪናውን እየረገጠ ለልጁ ተረት የሚያወራ፣ የማይገጥም ዘፈን እየገጠመ የሚያስቃት ሰው ነበር። አሁን ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ስትገባ ወሬው ይቆማል። ውሃ አቀብይኝ፣ በሩን ዝጊ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። የተቆጣት የለም፣ የገረፋት የለም፤ አባት ልጁን ፈራ እንጂ። ያን ሰኞ የተደረገላትን ሪባን ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ «እትዬ ጽጌ፣ ይህን ብመልስላቸው አባባ ያናግረኛል?» ብላኛለች። እርስዎ ምን ይመልሱላት ነበር?

እርሷም በተራዋ ክፍል ውስጥ ዝም አለች። ይኸው ሰሞኑን መምህሯ ጓድ ፍቅሬ ልጅቱ ዝምተኛ ስለ ሆነች ወላጅ ቀርቦ የዝምታዋን ምንጭ ያስረዳ ብለው ላኩብን። እህቴ ትቅርብኝ፣ ቤት ትዋል ትላለች። እኔ እንቢ ብያለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በመስከረምም እኔው ራሴ ጠመኔ ይዤ ልጆች ፊት እቆማለሁ። እነዚያ ልጆች ሲያዩኝ እናታቸውን ደብቀው የሚመጡ ከሆነ ምን አስተምራቸዋለሁ? ልጅን ለሕዝብ ትምህርት ቤት ማመን ይገባል ብዬ እህቴን ሌሊትና ቀን እከራከራለሁ፤ ክርክሩን እየተረታሁ ያለሁት ግን በእርሷ ብልኅነት ሳይሆን በእርስዎ ሰኞ ነው።

ስለዚህ አንድ ትሑት ጥያቄ አለኝ። በሚመጣው ሰኞ ከልጆቹ በፊት እርስዎና መምህራንዎ ተራ በተራ ተነሥታችሁ እሑድ ማታ በየቤታችሁ ራት ላይ የተባለውን ለክፍሉ ብታሰሙልን። እኛ ወላጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሰዋስው እንማራለን። ካልሆነም ሰዓቱን ለድምር ይስጡልን፤ በድምር እስካሁን የታሰረ ሰው አልሰማሁም።

ጆሮዎ ረጅም፣ ዕድሜዎም ከጆሮዎ የማያንስ ይሁን እያልሁ፣ ልጃችንን አደራ ለማለት የምትፈልግና አፏ አልታዘዝ ያላት አክባሪዎ፣

ጽጌማርያም ሀብተሥላሴ
ኮልፌ፣ የካቲት 1981 ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ይህን ስጨርስ ብርቱካን አጠገቤ ነበረች። ሰኞ እትዬሽ ምን ስትጽፍ ነበር ቢሉሽ ምን ትያለሽ አልኋት። ቀና እንኳ ሳትል «ተኝቼ ነበር እላለሁ» አለችኝ፤ ገና ጠራራ ፀሐይ ነው። ኧረ ስሜን ፈርሜበታለሁ፣ መዋሸት አያስፈልግሽም ስላት «ቢሆንም» አለች። ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ይህን እኛ አላስተማርናትምና፣ ጓድ፣ ማርኳን አይንፈጓት።